ክንዴን የሚያህል ዓሣ፦ ስለት ይዞ ወደ ሱፒሪየር ሐይቅ

ሚኒሶታ ውስጥ ሐይቅ ከሰው ይበዛል። አንዱን ለመሸሽ ወደ ኋላ ብትራመዱ ሌላው ውስጥ ትገባላችሁ። እኛ ግን ከአፕል ቫሊ እስከ ኒው ሆፕ የተበተንነው ወገኖች ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሮጥ ውሃ የምናየው በመኪና መስኮት ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ወደ ሱፒሪየር ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ ሄዳችሁ ለማታውቁ፣ የመሄድም ሐሳብ ለሌላችሁ ነው። አልፈርድባችሁም። እኔም የሄድኩት የገዛ ቀልዴ ጎትቶኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጓደኛዬ ታደሰ ባለፈው ዊንተር የልብ ኦፕራሲዮን ሊደረግለት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። የሚካኤል ማኅበርተኞች አልጋውን ከበን ቆመናል። የእሱ ፊት አመድ መስሏል፤ ሚስቱ አልማዝ የአልጋውን ብረት ይዛ መሬት መሬት ታያለች፤ የሚናገር ሰው ጠፋ። እኔን ደግሞ ዝምታ ያሳክከኛል። “ቅዱስ ሚካኤል ይህን ሰውዬ ካስነሣልን፣” አልኩ፣ “ለሰኔ ሚካኤል በገዛ እጄ ያጠመድኩትን ክንዴን የሚያህል ዓሣ ይዤ መጥቼ ማኅበሩን አበላለሁ።”

ታደሰን ላስቀው ብዬ ነው። ዓሣ አጥምጄ አላውቅም። ዝዋይ በልጅነቴ በአንድ ጊዜ አርባ ቆሮሶ ዓሣ እንደያዝኩ የሰማችሁ ካላችሁ፣ የያዝኩት እውነት ነው፤ ከዓሣ ጠባሿ ሳህን ላይ።

ታደሰ ሳቀ። እስከዚያ ድረስ ደህና ነበር። ከዚያ አልጋውን የከበበው ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ “አሜን” አለ። አሜን የተባለበት ቀልድ ደግሞ ቀልድነቱ ያበቃል፤ ስለት ይሆናል።

ታደሰ ዳነ። ሐኪሞቹ ሥራህን ጀምር አሉት። እሱ የኤርፖርት ቫን ሹፌር ነው፤ በበረዶ ላይ እንደ እሱ የሚነዳ አላየሁም። ግን ስለቱ ሳይገባ መሪ አልጨብጥም ብሎ ሴንት ፖል፣ ፍሮግታውን ሰፈር ያለው ቤቱ ውስጥ ተቀመጠ። ቫኑን ተዉት፤ የራሱን መኪና ከበር ወደ ጥላ እንኳ አላንቀሳቅስም አለ። አልማዝ ሌሊቱን አረጋውያን ቤት ስትሠራ ታድርና ጠዋት ዓይኗ እየተከደነ እሱን ወደ ቀጠሮው ታደርሳለች።

በግንቦት መጨረሻ እቤቴ ድረስ መጣች። “ሙሌ፣” አለችኝ፣ ሳትቀመጥ፣ “ምላስህ ያሰረውን እጅህ ይፍታው። ይዘኸው ሂድ፣ ዓሣህን ያዝ፣ ባሌን ቁልፍ አስጨብጥልኝ።”

“ባዶ እጃችንን ብንመጣስ?”

“የሽምብራ ዓሣ እሠራልሃለሁ።”

ለማታውቁት፣ የሽምብራ ዓሣ ማለት የሽምብራ ዱቄት ተቦክቶ፣ በዓሣ ቅርጽ ተቆርጦ የሚጠበስ፣ ጾመኛን ማባበያ ነው። ከዚህ የባሰ ስድብ ለዓሣ አጥማጅ የለም። ዕለቱኑ ጉዞውን ወሰንኩ።

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። ሰኔ ሚካኤል የሚውለው በሐዋርያት ጾም ውስጥ ነው፤ በዚያ ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ስንት ወዳጅ ያቆራረጠ ነው። የነፍስ አባታችንን ደውዬ ጠየቅኋቸው። አባ፣ “አንተ መጀመሪያ ያዘው፤ ከዚያ እንከራከራለን” አሉኝ።

ጾሙ በገባ በመጀመሪያው ሐሙስ ጠዋት ተነሣን። ከተማው ገና በጠዋቱ እንደ ምጣድ ግሏል፤ እኔ አበባ ያለበት ሸሚዝና ቁምጣ ለብሻለሁ። ታደሰ የዊንተር ካፖርቱን በክንዱ አንጠልጥሎ፣ የአልማዝን እንጀራ፣ ሽሮ፣ በሶና ቆሎ ተሸክሞ ወጣ።

“ለማን ነው ካፖርቱ?” አልኩት።

“ወደ ባሕር ነው የምንሄደው።”

ይህ ሰው በወጣትነቱ ምጽዋ የባሕር ኃይል ውስጥ አገልግሏል። እንጀራ ሲቆርስ እንኳ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ያያል። መርከቡ ላይ ሥራው ምን እንደነበረ ግን በሠላሳ ዓመት ወዳጅነታችን ነግሮኝ አያውቅም፤ እኔ ወጥ ቤት ነው እላለሁ።

ሹፌርን ተሳፋሪ አድርጎ መንዳት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ከሴንት ፖል ሐይቁ ዳር እስካለችው ዱሉዝ ከተማ ድረስ ታደሰ በእግሩ ምንጣፉን ሲረግጥ ሄደ። እኔ ፍሬን ከመያዜ በፊት እሱ ይይዛል። “ሌይን ቀይር” ይላል። “ሲግናል” ይላል። መሪ አልጨብጥም ያለ ሰው እንዲህ ከነዳ፣ ቢጨብጥ ምን ሊሆን ነው እያልኩ ነዳሁ።

ከዱሉዝ በላይ መንገዱ ኮረብታ ይወጣና ድንገት ይዘቀዝቃል፤ ከታች ውሃው ተዘርግቷል። ማዶ የለውም። ዝዋይን በልጅነቴ ባሕር ነው ብዬ ስምል ነበር፤ ይኼኛው ዝዋይን ለቁርስ በልቶ ምሳ ይጠይቃል። ቁልቁለቱን ስንጨርስ ጭጋግ ዋጠን፤ መኪናው ላይ ያለው ሙቀት መለኪያ እንደ ተመታ ወፍ ወረደ። ከኮረብታው አናት ሰኔ ነበር፤ ከእግሩ ሥር የኅዳር መጨረሻ ሆነ። ሐይቁ የዊንተሩን በረዶ ሆዱ ውስጥ ይዞ እስከ ሐምሌ ይተነፍሳል። ከመኪናው ስወርድ ጉልበቶቼ እርስ በርስ ሲነጋገሩ ይሰማኛል። ታደሰ ካፖርቱን ለበሰ፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ፣ እኔን እያየ፣ ቆለፈ።

ከዚያ ወደ ውሃው ወርዶ ጣቱን ነከረና ላሰ።

“ጨው የለውም” አለ።

“ሐይቅ ነዋ።”

“ይህን የሚያህል ውሃ ጨው ከሌለው ታሟል ማለት ነው።”

የዓሣ ማጥመጃ ፈቃዱን የገዛነው ነዳጅ ማደያ ነው። የማጥመጃ ትሉንም እዚያው፤ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከወተቱ ጎን፣ ክዳን ባለው ዕቃ ተቀምጧል። ታደሰ ከዚያ በኋላ እዚያ አገር ምንም ነገር ከፍሪጅ አላወጣም።

ያረፍነው ከዱሉዝ አልፎ ዳርቻውን ተከትሎ በሚሄደው መንገድ ላይ፣ አንዲት ካረል የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ከምታከራያቸው ትንንሽ የእንጨት ቤቶች በአንዱ ነው። ሰባ ዓመት አልፏታል፤ ቁመቷ የስልክ እንጨት ነው። ዕቃችንን ሳናወርድ በእጇ ትልቅ ትሪ ይዛ መጣች። የዚህ አገር ሰው ሆትዲሽ የሚለው ነው፤ ሥጋው፣ ክሬሙ፣ አይቡ፣ ድንቹ ተደራርቦ በምድጃ የበሰለ። በአንድ ትሪ ውስጥ ጾማችንን አራት ጊዜ የሚያስገድፍ ምግብ ይህ ብቻ ነው።

“አመሰግናለሁ፣ አንበላም” አለ ታደሰ በትሕትና።

“ብዙ ነው እኮ” አለች።

“እግዜር ይስጥልኝ፣ ይቅርብን።”

“ለእኔ ብቻዬን ይበዛል።”

“የለም የለም፣ አንቸገርም።”

እኔ መሀል ቆሜ ጉድ አያለሁ። የሰሜን ሚኒሶታ ሰውም እንደኛ ነው፤ ሲጋበዝ ሦስት ጊዜ እምቢ ካላለ ባለጌ ይባላል። ታደሰ የእውነቱን እምቢ ባለ ቁጥር ካረል የይሉኝታ እየመሰላት ትሪውን ወደ ደረቱ ታስጠጋለች። በሦስተኛው ጊዜ “ጨዋ ነህ” በሚል ዓይን አየችው፤ እጁ ላይ አስቀምጣለት ሄደች። ታደሰ ትሪውን እንደ ታቦት ተሸክሞ ቆሞ ቀረ።

ተከትያት ሄጄ ነገሩን አስረዳሁ። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም።

“ዓሣስ?”

“እሱ ያከራክራል።”

ካረል አሰብ አደረገች። “ታዲያ መብላታችሁ ካልታወቀ ለምን ታጠምዳላችሁ?”

“አባታችን መጀመሪያ ያዘው፣ ከዚያ እንከራከራለን ብለውኛል” አልኳት።

ዓርብ ጭጋጉ አልተገለጠም። ከድንጋዩ ዳርቻ ቆመን የማጥመጃ ዘንጋችን ጫፍ አይታየንም። ታደሰ የባሕር ኃይል ዕውቀቱን አወጣ። “ሰኔ ነው” አለ። “ምጽዋ በሰኔ ውሃው ይፈላል፤ ዓሣው ቅዝቃዜ ፍለጋ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ራቅ አድርገህ ወርውር።”

“ይኼ የትኛው ፈልቶ ነው? እጅህን አስገባና ጣትህን ቁጠር።”

“ባሕሩ እስኪሞላ ጠብቅ እንግዲህ። ሲሞላ ዓሣውን ይዞት ይመጣል።”

ጠበቅን። ሱፒሪየር እንደ ባሕር አይሞላም፣ አይጎድልም፤ ይህን ያወቅነው ቆይቶ ነው። እኔ በበኩሌ የጨዋማ ውሃ ሰው ስለ ሐይቅ ምን ያውቃል ብዬ፣ ዓሣ ጭቃና ቄጤማ ይወዳል፣ ዝዋይ እንዲያ ነው እያልኩ ቄጤማ ፈለግሁ። ቄጤማ የለም። ድንጋይ፣ ከድንጋዩ በኋላ ድንጋይ። ነፋሱ ከውሃው ሲነሣ ታደሰ እንዳለው ራቅ አድርጌ ለመወርወር ወደ ኋላ ሰነዘርኩና ባለ በሌለ ጉልበቴ ሳብኩ። ከበደኝ። “ያዝኩ” አልኩ። ዞር ስል መንጠቆዬ የታደሰ ካፖርት ጀርባ ላይ ተሰክቷል፤ ሰውየው ወደ እኔ እየተሳበ ይመጣል።

“ክንድህን ያህላል?” አለኝ።

እንዲህ ሆኖ ዋለ። ነፋሱ ሲያርፍ ጥቁር ዝንብ መጣ። የአገራችን ዝንብ ይቀመጥብሃል፤ የዚህ አገሩ ቆርሶ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ጆሮዎቼ ሁለት ዳቦ አክለው ነበር። ስለቱን የሚያስገባ ቀርቶ ዓሣ መኖሩን የሚያስታውስ አንድም ነገር ከውሃው አልወጣም።

ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ቆሎ ስንቆረጥም ነገሩን በቀልድ ልጨርሰው ሞከርኩ። “ታዴ፣ ገበያ ገብተን አንዱን ብንገዛና አንተ ዞር ብትልልኝስ? ማን ያያል?”

ታደሰ ቆሎውን መቁረጠም አቆመ። “ያን ቀን ቀልድህን እንደነበር አውቃለሁ” አለ። “አንተ ስትምል የሚያምንህ የለም። ግን እኔ ይዤው የገባሁት እሱን ነው። የማደንዘዣውን ጭምብል አፌ ላይ ሲያደርጉልኝ ሙሌ ዓሣ ይዞ ሲታገል፣ ዓሣው ሲያሸንፈው እያየሁ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።”

የቀረችውን ቆሎ ወደ እሱ ገፋሁለት።

“ስለቱ የኔ ነው” አለ። “አንተ ተናገርከው እንጂ። ሳይገባ ሰው አሳፍሬ አልነዳም። መንገድ ላይ ልቤ ቀጥ ብትልስ? ከኋላዬ ሕፃናት ተቀምጠው?”

ከዚያ ወዲያ ስለ ገበያ አላነሣሁም።

አመሻሹ ላይ ካረል በድጋሚ መጣች፤ በዚህኛው ትሪ የተጠበሰ ድንች ብቻ ነው። “በዘይት ነው፣ ሌላ ምንም የለውም” ብላ ማለች። ደስ ብሎኝ አንዴ ብቻ እምቢ ብዬ ተቀበልኩ፤ እንደ ባለጌ አየችኝ። እንዴት እንደዋልን ስንነግራት በጣም ሳቀች። ሐይቁ በሰኔ ገና እንደ በረዶ ስለሚቀዘቅዝ ዓሣው ሙቀት ፍለጋ ወደ ዳር፣ ወንዞቹ ወደሚገቡበት አፍ ይጠጋል እንጂ ወደ ጥልቁ አይሄድም አለች። “ዝናብ ይምጣ። ወንዙ ሻይ ሲመስል ያን ጊዜ ቁሙ። ዘንድሮ በረዶው ዘግይቶ ስለቀለጠ ለእንቁላል ወንዝ ወጥተው የቆዩት ትራውት የሚባሉት ዓሦች ገና እየተመለሱ ናቸው።” ቀጥላ ጣቷን አነሣች። “ከያዛችሁ ጀርባውን እዩ። ከጅራቱ ፊት አውራ ጣት የምታህል ትንሽ ክንፍ ካለችው የዱር ነው፤ ትመልሱታላችሁ። ክንፏ ከተቆረጠች ሰው ያረባው ነው፤ እሱ ይበላል። ስትመልሱት አትወርውሩት። ፊቱን ወደ ወራጁ አዙራችሁ እስኪተነፍስ ያዙት።”

የዱር የሚመለስበት፣ የቤት የሚበላበት አገር። ከዓሣ ጋር እንኳ ስለ ልደት ወረቀት ይነጋገራሉ።

ቅዳሜ ዝናብ ቀደመን። ስንነሣ ከጣሪያው ይንጠባጠባል፤ ከቤቶቹ ጀርባ ያለው ወንዝ ሞልቶ፣ ካረል እንዳለችው ስኳር ያልገባበት ሻይ መስሎ ወደ ሐይቁ ይፈስሳል። ሻዩና ሰማያዊው ውሃ በሚገናኙበት መስመር ላይ ትሌን ጣልኩ። ታደሰ ዓሣ ማውጫ መረብ ይዞ ጎኔ ቆመ። የካረልን የዝናብ ልብስ ለብሻለሁ፤ እጅጌው ሁለት ሰው ይይዛል።

ብዙም አልቆየሁም፤ ዘንጉ ከእጄ ሊሄድ ሞከረ። መጀመሪያ ወንዙ መሰለኝ። ከዚያ ውሃው ተሰነጠቀና አንድ የብር ነገር ቁመቴን ያህል ዘለለ። እሺ፣ ወገቤን ያህል።

“ልቀቅለት” አለ ታደሰ። “አትሳብ፣ ልቀቅለት። አሁን ሳብ። አሁን ልቀቅ።”

“ወጥ ቤት ውስጥ ነው ይህን የተማርከው?”

“አፍህን ዝጋና ዘንግህን አንሣ።”

ታገልን። ዓሣው ወደ ካናዳ፣ እኔ ወደ ቤቴ ወደ ኒው ሆፕ። መጨረሻ ላይ ታደሰ በጫማው፣ በካልሲው፣ በዚያ የበረዶ ውሃ ውስጥ ገብቶ መረቡን ከሥሩ አስገባና አነሣው። ጥልቀት በሌለው ቦታ ተንበርክከን አስተኛነው። ክንዴን ከክርኔ ጀምሬ ጎኑ ላይ አኖርኩ። አፉ ክርኔ ላይ ሆኖ ጅራቱ ከመካከለኛ ጣቴ አልፎ ሄደ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩ ከተናገርኩት በለጠ።

ከዚያ ክንፏን አየኋት። ከጅራቱ ፊት፣ ሙሉ፣ ያልተነካች፣ ልክ አውራ ጣቴን የምታህል። እኔም አውራ ጣቴን አስቀመጥኩባት።

“ስንት ነው?” አለ ታደሰ።

“ክንድና ትርፍ።”

“ክንፏስ?”

“የምን ክንፍ?”

“ሙሌ። ጣትህን አንሣ።”

“ብርድ ነው ታዴ፣ ጣቴ ደርቋል።”

“አንሣ።”

አነሣሁ። ሁለታችንም አየናት። ዙሪያውን ተመለከትኩ፤ ጭጋግና ድንጋይ እንጂ ሰው የለም። ለዓሣው ብለን ያመጣነው ማቀዝቀዣ ሣጥን በረዶውን ይዞ ክዳኑ ተከፍቶ ይጠብቃል። ታደሰ ማቀዝቀዣውን አየ። ረጅም ጊዜ አየው። መኪናውን፣ ቫኑን፣ አልማዝን ያየ መሰለኝ። እሺ ካለኝ አደርገው ነበር።

“ሚካኤል ሚዛን ይዞ ነው የሚቆመው” አለ በመጨረሻ። “የተሰረቀ ዓሣ አናስመዝነውም።”

ዓሣውን ከእጄ ወሰደ። ፊቱን ወደ ወራጁ አዞረና በሁለት እጁ ከሆዱ ሥር ደግፎ ያዘው። ዓሣው እንደ እንጨት ዝም ብሏል። ታደሰ ጎንበስ አለ፤ የደረቱ ጠባሳ በሸሚዙ አንገት ብቅ ብሎ ይታየኛል። “ተንፍስ” አለው። “አይዞህ። ቀስ ብለህ ተንፍስ። በርታ። አንድ ጊዜ ደግሞ።” ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሲነቃ ነርሷ አጠገቡ ቆማ እንዲሁ ስትለው ሰምቻለሁ፤ በእንግሊዝኛ ነበር እንጂ።

ከጉንጩ ሥር ያለው ስንጥብ ተከፈተ። ተዘጋ። ተከፈተ። ጅራቱ ወዲያ ወዲህ አለ፤ ከዚያ ከእጁ ወጥቶ በሻዩ ውሃ ውስጥ ወደ ሰማያዊው ሄደ። ታደሰ እጆቹን እዚያው ውሃ ውስጥ ትቶ ቆየ።

“ገባ” አለ።

“ምኑ?”

“ስለቱ።”

“ማኅበሩ ምን በላና?”

“ሚካኤል ተቀብሎ መልሶ ለቀቀው። እኔንስ እንዲሁ አይደል ያደረገኝ?”

ይህን እያሰብኩ ዘንጌን ስጠቀልል ትልቁ ነገር ትዝ አለኝ። “ፎቶ አነሣህ?”

“በየትኛው እጄ?”

ስለዚህ ለእናንተ የማሳየው ማስረጃ የለኝም።

እሑድ ካረል ለመንገድ ድንች ጠቅልላ አመጣች። ታደሰ አንዴ እምቢ አለ፣ ሁለቴ እምቢ አለ፣ ሦስቴ እምቢ አለ፤ አራተኛው ላይ በሁለት እጁ ጎንበስ ብሎ ተቀበለ። ሁለቱም በጣም ደስ ብሏቸው ተለያዩ። ወደ መኪናው ስንደርስ እኔ ወደ መሪው በኩል ዞርኩ።

“ቁልፉን አምጣ” አለ።

ኮረብታውን ስንወጣ ጭጋጉ ከኋላችን ቀረ፤ ሰኔ ተመልሶ መጣ፤ ካፖርቱን አወለቀ። ሴንት ፖል ድረስ ከቀኝ መስመር ሳይወጣ እንደ ቀብር መኪና ነዳ። ትራክተር ቀደመን። ምንጣፉን ሲረግጥ የመጣው አሁን እኔ ነኝ። ፍሮግታውን ስንደርስ አልማዝ በር ላይ ቆማለች፤ ማን በየትኛው በር እንደሚወጣ ታያለች። ታደሰ በሹፌሩ በር ወጣ። ማቀዝቀዣውን ከፍታ እንኳ አላየችም። ፊቷን በነጠላዋ ጠረግ ጠረግ አድርጋ፣ “ሽምብራው አለ” ብላ ገባች።

አሜሪካ ውስጥ ቅዱሳን ሁሉ ወደ ዊክኤንድ ይዛወራሉና ሰኔ ሚካኤልም ቅዳሜ ተዘከረ። አልማዝ የሽምብራ ዓሣውን ክንዴን ለክታ፣ አንድ ወጥ አድርጋ ሠርታ፣ ወጡ መሀል አስተኝታ አቀረበችው። ከጅራቱ ፊት በእኔ ትእዛዝ አውራ ጣት የምታህል ክንፍ አለችው። ታሪኩን ከመነሻው ተናገርኩ፤ ከዘለለው እስከ ተመለሰው። ማኅበሩ እንደ ልማዱ ሆዱን ይዞ ሳቀ። በዕድሜዬ አንዴ እውነት ብናገር የሚያምነኝ ጠፋ።

“አንተ ነበርክ፣ እውነት ይህን ያህላል?” አሉ አባ ወደ ታደሰ ዞረው።

ታደሰ እኔን አየ፤ ከዚያ እጆቹን ዘረጋ፤ ከዚያም ትንሽ ጨመረበት። “አባ፣ ሙሌ ቀንሶ ነው የነገራችሁ።”

ዳቦው ተባረከ። ሁሉም እጁን ወደ ዓሣው ሰደደ።

“ቆዩ” አልኩ። “ክንፍ አለው። ሕጉ አይፈቅድም።”

አባ መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ ብለው መረመሩ። ከዚያ በሁለት ጣታቸው ክንፏን ቀንጥሰው ወደ አፋቸው አደረጉና አላመጡ።

“አሁን የለውም” አሉ። “ብሉ።”